ከብርቱካኗ ሥር የነበረው

ሐይቅ ከተማ

ውድ ስህን፣

ስልክ ስደውል ስሜን አይተሽ ትዘጊዋለሽ፤ አልፈርድብሽም። ጎረቤታችን ሰዑድ ሐሙስ ወደ ጅዳ ስለሚመለስ ይህን ወረቀት በእጁ ሰደድኩልሽ። መቅደድሽ ካልቀረ እስከ መጨረሻው አንብበሽ ቅደጂው።

ያቺን ብርቱካን ታስታውሻለሽ? ልጄን በቀበርን በሁለተኛው ወር ከችግኝ ጣቢያ ከነባልዲዋ የገዛኋትን። የአራት ወር ልጅ ታቅፎ የኖረ እጅ ባዶውን መቀመጥ አቃተው። ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣት ነበር። ሰው ቢስቅብኝም አዋራት ነበር።

አንድ ቀን መጣሽና ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ብለሽ ብዙ አየሻት። አፈሩን በጣትሽ ጫር ጫር አደረግሽ። ከዓይን የሚጠብቀውን "ማሻአላህ" ሳትዪ ተነሣሽ። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ጠምቷት ነው ብዬ ውሃ ብጨምር ባሰባት። ያኔ ልቤ አንቺን ጠረጠረ።

ፌስታል አንጠልጥለሽ ስትመለሺ በር ላይ አስቆምኩሽ። "ዓይንሽን ከቤቴ አንሺልኝ! ልጄንም የበላሻት አንቺ ነሽ!" አልኩሽ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። "ኧረ በአላህ፣ ረቢያ፣ ምን ሆነሻል?" ብቻ ብለሽ ዞረሽ ሄድሽ።

ከዚያ ወዲህ እናቶች አንቺን ሲያዩ ልጆቻቸውን መሸፈን ጀመሩ። እያየሁ ዝም አልኩ። አንቺም በአርባ ዓመትሽ ለሰው ቤት ሥራ ተሰደድሽ።

ዘንድሮ ከዚያው ቦታ ሎሚ ገዛሁ። እሷም ልክ እንደዚያችኛዋ ቢጫ ሆነች። አንቺ ጅዳ ነሽ፤ የማን ዓይን ልበል? ባልዲውን ገለበጥኩት። ወፋፍራም ነጫጭ ትሎች፣ ጭንቅላታቸው ቡናማ፣ ጥቅልል ብለው ከአፈሩ ወጡ። ሥሯን ጨርሰውታል።

በጣሳ ይዣቸው ችግኝ ሻጩ ዝናቡ ዘንድ ሄድኩ። "የጥንዚዛ እጭ ነው፤ ካልበሰለ ፍግ ጋር ይመጣል" አለኝ። "ካቻምናም አንዲት ሴት ከጎረቤቴ ባልዲ አገኘሁ ብላ አሳይታኝ ነበር። ንጹሕ አፈር በፌስታል ሰጥቻት 'ለችግኟ ባለቤት ንገሪያት' ብላት፣ 'ልጇን በቅርብ የቀበረች ናት፤ ስለ አፈርና ስለ ትል እንዴት አወራታለሁ? ራሴው እቀይርላታለሁ' አለችኝ።"

ስህን፣ በር ላይ ሳስቆምሽ ያንጠለጠልሽው ፌስታል ያ አፈር ነበር።

ከዚያ ጣሳውን ይዤ በየቤቱ ዞርኩ። "የስህን ዓይን አይደለም፤ ይኸውላችሁ!" አልኳቸው። አንዳንዷ ሳቀች፣ አንዳንዷ አንገቷን ደፋች። እናትሽ ግን ጣሳውን ገፋ አድርገው፣ "የብርቱካኗስ ይሁን። ልጅሽንስ ማን ገደላት ልትዪ ነው?" አሉኝ።

ለማንም ያልተናገርኩትን ለእሳቸው ተናገርኩ። ትኩሳቱ እንደጀመራት "አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት" ያልሽኝ አንቺ ነበርሽ። "አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ነገ ይለቃታል" ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ በማግስቱ ስንወስዳት ጊዜው አልፎ ነበር። ይህን የምናውቅ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አንቺን ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኝ ነበር፤ ስለዚህ አንቺን ከፊቴ አጠፋሁ።

ከዚያ ወዲህ እናትሽ አላናገሩኝም። በየጠዋቱ ውሃ እቀዳላቸዋለሁ፤ አልከለከሉኝም። አንቺ እስክትመለሺም እቀዳለሁ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። አላህ በሰው አገር ይጠብቅሽ።

ልጇን አንድ ቀን ያዘገየች፣
ረቢያ