ለሕያዋን ልጆች ስለተዘጋው አዳራሽ

ለተከበሩ አቶ ወልደ ሥላሴ
የ«ጥላ» መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ሲያትል

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ የደም ግፊትዎ ተስተካክሎ፣ ጉልበትዎ በርትቶ፣ ድምፅዎም ስብሰባ ለመበተን የሚበቃ ጥራት ይዞ እንዲቆይዎ ምኞቴ ነው። እኔ እዚሁ ሲያትል፣ ሶዶ በሚባለው የመጋዘኖች ሰፈር ውስጥ የጭነት መኪና ጎማ የምሸጥ የማኅበርዎ አባል ነኝ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የሲክ እምነት ተከታይ ሕንዳዊ ሾፌሮች ስለሆኑ ደራሲውን ሚስተር ሃርቻራን ሲንግን ያወቅሁት በእነሱ በኩል ነው። በወጣትነቱ የወሮበሎች ጋንግ ውስጥ ገብቶ ወንድሙን ያጣ ሰው ነው። ስለዚያ ኑሮ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ከዚያም ከትምህርት ቤት የተባረሩና ከፖሊስ ጋር የተዋወቁ ልጆቻችንን ሐሙስ ሐሙስ ማታ በአዳራሻችን ሰብስቦ ያስነብብና ያስጽፍ ነበር። «ነበር» ያልኩት ባለፈው ወር ቁልፉን ስለነጠቃችሁት ነው። ስለ ጥንቃቄያችሁ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መጽሐፉን ስላነበባችሁ አመሰግናለሁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ማለቴ ነው። እዚያ ላይ ተራኪው «ሽጉጡን በእናቴ የሩዝ ጆንያ ውስጥ ደበቅሁት» ስለሚል፣ ኮሚቴው ደራሲው ወንጀሉን አምኗል ብሎ በቃለ ጉባኤ አስፍሯል። በዚህ አያያዝ፣ ሰፍዋን የተባለው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ «እኔ የማኅበሩ ሊቀመንበር ስሆን» ብሎ የሚጀምር ታሪክ ጽፏልና፣ ወንበሩን መቼ እንደሚያስረክቡት ቢያሳውቁት ደስ ይለዋል።

፪. ሽማግሌ ስለላካችሁም አመሰግናለሁ። በልማዳችን ሽማግሌ የሚላከው የተጣላ ለማስታረቅ ወይም ልጃገረድ ለመጠየቅ ነው። እናንተ ግን ጋቢ የለበሱ ሦስት አባቶችን ድፎ ዳቦ አስይዛችሁ ደራሲ ቤት የላካችሁት፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ዕፅ ሻጭ የሐበሻ ልጅ መሆኑ ቀርቶ የሌላ ሀገር ልጅ እንዲሆን ለመለመን ነበር። አባቶች እንደ ወጉ «እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» ብለው በር ላይ ቆሙ፤ ወጉን የማያውቀው ሚስተር ሲንግ ወገባቸውን ያመማቸው መስሎት ትራስ አመጣላቸው። ጉዳዩን ሲረዳ ደግሞ፣ «ልጁን ሕንዳዊ ባደርገው ነገ የእኛ ሽማግሌዎች ይመጡብኛል» አላቸው። ከተላኩት አንዱ ጋሽ ዓብዱልፈታህ እንደነገሩኝ፣ ሦስቱም ሳቁና ተቀመጡ፤ ያቀረበላቸውንም ምስር በደንብ በሉ። ቃለ ጉባኤው ግን «ሽምግልና ረገጠ» ይላል።

፫. ኢንሹራንስ።

የአዳራሹ ኢንሹራንስ እንዲህ ያሉ ልጆችን ማስተናገድ እንደማይፈቅድ የጻፋችሁልንን አንብቤአለሁ። ባለፈው ዓመት የወይዘሮ ኤልሳቤጥ ልጅ ፍጹም በጥይት ሲሞት አዳራሹ በዚያው ሰዓት ተከፈተ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ሻይ ተፈላ፣ እርስዎም በር ላይ ቆመው ለቀስተኛ ተቀበሉ። ይህን ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የማመሰግነው። ብቻ ፍጹም በሕይወቱ ሳለ አንድ ክፍል አልነበረንም፤ ሲሞት ሙሉ አዳራሽ ተገኘለት።

አሁን ሰፍዋንን ሐሙስ ማታ ባቡር ጣቢያው አጠገብ መስታወቱ የጠቆረ መኪና ይጠብቀዋል። ሄጄ ስቆጣው፣ «አንክል ንዋይ፣ እነሱ በስልክ ኮል ያደርጉልኛል፤ የናንተ ማኅበር መቼ ኮል አድርጎልኝ ያውቃል?» አለኝ። ለጊዜው ልጆቹ የእኔ መጋዘን ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። ሰፍዋን አንድ ሐሙስ ይመጣል፣ አንድ ሐሙስ ይቀራል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ገበያ የት እንደሚያደላ አውቃለሁ። መጋዘኔ ማሞቂያ የለውም፤ ያ መኪና አለው። የእናንተም አዳራሽ አለው። ቁልፉን መልሱለት።

ለስብሰባ፣ ለማኅተምና ለተዘጋ በር ባለዎት የማይናወጥ ፍቅር እየተደነቅሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

ንዋይ ሀብተ ጊዮርጊስ
ጎማ ነጋዴ፣ ሶዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጪው እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሰፍዋን እናት ወይዘሮ መዲናና መጋዘኔ ከሚመጡት ልጆች የአንዱ እናት ወይዘሮ ማንአልሞሽ ሌሎች እናቶችን አስከትለው መጥተው፣ የሊቀመንበር ምርጫ ይደረግልን ብለው ይጠይቃሉ። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምለውኛል፤ ስለዚህ ሲገቡ ያላወቁ መስለው ይደንግጡልኝ።