ስቶቩን የመለስኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አዲሱ የኤሌክትሪክ ስቶቭ አልሠራም አለኝ። ድስቱን ጣድኩ፣ ሰናይት እንዳሳየችኝ ቁልፉን ነካሁ፣ መብራቱ በራ። ከዚያ ጢጥ ጢጥ ብሎ ጠፋ። አውርጄ መልሼ ጣድኩት፤ ያው ነው። ምስሩ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደተቀመጠ መሸ።

ስቶቩን ልጄ ሰናይት ናት ትናንት ገዝታልኝ ወደ ቤቷ ወደ ኮዬ ፈጬ የተመለሰችው። ጋዝ ይብቃሽ አለችኝ። ሲሊንደሩን ተሸክሞ ሄዶ የሚያስሞላው ወንድሟ ዳዊት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ጋዝ ባለቀ ቁጥር መንገድ ዳር ቆሜ አላፊ አግዳሚውን እለምናለሁ። መብራት ግን ከውሃና ከነፋስ ነው የሚመጣው፣ ከባሕር ማዶ በቦቴ አይጠበቅም፣ ተሸካሚም አይፈልግም አለችኝ። ብዙ አስረዳችኝ። እሺ እሺ እላለሁ እንጂ ልቤ እሷ ጋ አልነበረም። ከስቶቩ ጋር አንድ የሚያብረቀርቅ ከባድ ድስት አምጥታለች። ቡፌ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ለሙት ዓመቱ ሰው ሲመጣ ይወጣል።

ደወልኩላት፤ አታነሳም። ቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃ ስትገባ ስልኳን በር ላይ ነው የምታስቀምጠው። ዳቦ በልቼ ልተኛ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ አሸነፍኩ።

ስቶቩን በጥቁር ነጠላዬ ጠቅልዬ ሰናይት ወደገዛችበት ወደ ከድር ሱቅ ወሰድኩት። ከድር የስልጤ ሰው ነው፤ እዚህ አቃቂ ሱቅ ከከፈተ ቆይቷል፤ አምፖልም ገመድም የቤት ዕቃም ይሸጣል። ገበያተኛ ሞልቶ ነበር። የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጥክልን አልኩት። ሰካው፤ በራ። በምን ድስት እንደጣድኩ ጠየቀኝ። ድስቴን ምን አገባህ አልኩት። ሊያስረዳኝ አፉን ሲከፍት ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ሀዘንተኛ ናት፣ ምን ታመጣለች ብለህ ነው አልኩት። ቀጥዬም፦

"ወንድ ልጄ ቆሞልኝ ቢሆን እንዲህ አትደፍረኝም ነበር።"

አንዲት ሴትዮ፣ ተው ከድር፣ ጥቁር ልብሷን አታይም ወይ፣ መልስላት አለችው። ብሩን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ወደ ቤት ስመለስ እግሬ ቀሎኝ ነበር። ዳዊትን ከቀበርኩ ወዲህ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ ጎረቤቴ ብዙነሽ የትናንቱን ለሴቶቹ አወራችላቸው። ጨምራበታለች። ከድር ገፈተራት እስከማለት ደርሳለች። ልጅ የሞተባትን እንዲህ ያደረገ እኛንማ ምን ይለናል፣ ከእንግዲህ እዚያ ደጅ የሚደርስ የለም ተባባሉ። አልገፈተረኝም ማለት ነበረብኝ። ዱቄቴን ተቀብዬ ወጣሁ።

ዳዊት የሞተ ዕለት ከድር ሱቁን ዘግቶ ነበር። ዝናብ እየደበደበው የድንኳኑን ምሰሶ ይዞ የቆመው እሱ ነው። ይህን ለምን ዛሬ እንዳሰብኩት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጋዙ አለቀ። ሲሊንደሩን ወዘወዝኩት፣ ባዶ ነው። ብዙነሽ ከሰል ማንደጃዋን አዋሰችኝ። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሰናይት ከሥራ በቀጥታ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ስቶቩ የት ሄደ አለች። አይሠራም፣ መለስኩት አልኳት።

"በየትኛው ድስት ነው የሞከርሽው?"

የማበስልበትን የአሉሚኒየም ድስት አሳየኋት። በዚህማ አይሠራም እማዬ አለችኝ፤ ስቶቩ ማግኔት የሚይዘው ድስት ካልሆነ አይሞቅም። ለዚህ ብላ ነው የራሱን ድስት ጨምራ የገዛችው። ይህንንም እሑድ ነግራኝ ነበር። ድስቱን የት እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ። በዓይኔ ቡፌውን አሳየኋት።

ሳቋ አመለጣት። እስክታለቅስ ሳቀች። "አዲስ ድስት ሁልጊዜ ለእንግዳ! እኛ መቼ ነው እንግዳ የምንሆነው?" አለች። ከዚያ ፊቴን አይታ ተወችው። ከድርን ምን አልሽው አለችኝ። ትንሽ ተቆጣሁት አልኳት። ስለ ወንድሟ ያልኩትን አልነገርኳትም። አፌ እንቢ አለኝ።

ከድር እኮ አውቆታል። ለዚያ ነው መጀመሪያ ስለ ድስት የጠየቀኝ። አላስጨርሰው አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጠዋት እስከ ሱቁ ማዶ ሄድኩ። ብቻውን ተቀምጧል፤ ገዢ የለውም። ቅዳሜ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። መንገዱን ሳልሻገር ተመለስኩ።

ብዙነሽ ቤት ገባሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አንቺ ቀድመሽ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂልኝ አልኳት። "ምን ቆርጦሽ?" አለችኝ። "ሀዘንተኛ ምንም ብትናገር አይያዝባትም። እሱም ያውቃል፣ ይተወዋል።"

እውነቷን ነው፤ ይተወዋል። እኔም እንደሚተወው አውቄ ነው የተናገርኩት። ሌላ ሰው ሆኜ ቢሆን መልስ ይሰጠኝ ነበር። የልጄን ሞት ይዤ ሱቅ ገባሁና ሰው መታሁበት። ዳዊት ይህን ቢሰማ ዓይኔን አያየኝም ነበር። ከድር ጋ እየተቀላለደ ያደገ ልጅ ነው።

ምሳ አልበላሁም። ነገ ራሴ እሄዳለሁ ብዬ ጻፍኩ። ከጻፍኩት አልቀርም ይሆናል።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በዚያው ሄድኩ። ሱቁ ባዶ ቢሆን ብዬ ተመኝቼ ነበር። ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ያን ዕለት ከድርን መልስላት ያለችው ናት። እስኪወጡ ደጅ ልቆም አልኩና ተውኩት። ስሰድበውም ሰው ፊት ነበር።

ዕቃህ ደህና ነበር አልኩት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ገፈተራት የሚሉትም ውሸት ነው፣ ልጄንም ያለቦታው አነሳሁብህ። ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። ፊቴ ጋለ።

ከድር ቀና እንኳ ሳይል "ይተዉት የዳዊት እናት፣ ሀዘን ነው" አለኝ።

"ሀዘን አይደለም። እኔ ነኝ" አልኩት።

የያዘውን ገመድ አስቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝ።

"እንግዲያው እውነቱን ልንገርዎት። ከፍቶኛል። ቢሰድቡኝ ግድ የለኝም። ግን ዳዊትን ለምን በእኔ ላይ ያነሱታል? ለእኔም እኮ ጓደኛዬ ነበር። ያን ማታ ቤቴ ገብቼ እህል አልቀመስኩም።"

እየተናገረ ድምፁ ጠነከረ። ሴትዮዋ ተው እንጂ ከድር ልትለው ስትል በእጄ ከለከልኳት። እሱም አላቋረጠም። ላስረዳዎት ብል አፌን ዘጉት፣ ሰፈሩ ሸሸኝ፣ ልጆቼን በዚህ ሱቅ ነው የማሳድገው አለኝ። ቆሜ ሁሉንም ሰማሁት። ሰው ከተቆጣኝ ስንት ጊዜዬ። ልጄ ከሞተ ወዲህ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግረኝ፤ እንደ በሽተኛ።

ሲጨርስ ስቶቩን ሌላ ሰው እንደገዛው ነገረኝ። ሐሙስ ሌላ ያመጣል። "ድስቱን ይዘው ይምጡ፣ እዚሁ ውሃ አፍልተን ሳናይ አልሸጥልዎትም" አለኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ስመለስ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆምኩና ተራ ለሚጠብቁት ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳቸው። ብዙነሽ ተቀይማኛለች፤ ማንደጃዋን ልጅ ልካ አስመለሰች።

ከድር ይቅር ብያለሁ አላለኝም። ልጠይቀው ነበር፣ ደፈርኩት እንዳይሆን ብዬ ተውኩት። ሐሙስ ገና ነው።