ደረጃ የሌለው ቤት

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ በየክረምቱ የሚይዝሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ ደረትሽ አሁንም እንደ አሮጌ ሞተር ያንኳኳል? ባልሽስ ደህና ነው? ባለፈው ስልክ አንስቶ ‹‹እሺ›› ብቻ ብሎ ስልኩን ላንቺ ስለሰጠ፣ ምን አስቀይሜው ይሆን እያልኩ ሳስብ ዋልኩ። ሰው እንዴት በአንድ ቃል ቀኑን ይጨርሳል? እኔ እግዜር ይመስገን አለሁ። እበላለሁ፣ እስቃለሁ፣ ጎረቤት አበሽቃለሁ። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ አትፍረጂብኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ቄራው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ መሆኑን ታውቂያለሽ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ነገር ‹‹ቢላ ይዞ መሮጥ ክልክል ነው›› የሚል ነበር።

አሁን ወንበር ሳቢና ተቀመጪ። እናትሽ የስልኳ ካሜራ እንደተበላሸ የነገረችሽ ውሸቷን ነው። ካሜራው ጤነኛ ነው። ፊቷን እንዳታዪባት ነው። የግራ ዓይኗ ዙሪያ ጠቁሯል፣ ቅንድቧ ተሰፍቷል፣ ቀኝ ክንዷ በጄሶ ታስሯል። ያደረግሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብትቀድጂው አልቀየምሽም፤ ግን ከቀደድሽ በኋላ ገጣጥመሽ ጨርሺው። የምለምንሽ ነገር አለኝ።

በሬው የጎዳኝን ቀን እናትሽ አለሳልሳ ነው የነገረችሽ። አዳልጦት ወደቀ አለችሽ አይደል? አላዳለጠኝም። ከመታረዱ በፊት በሬውን የሚያደነዝዘው ሰው ግንባሩን መትቶ ጣለው፤ እኛም አበቃለት ብለን የኋላ እግሩን በሰንሰለት አስረን ወደ ላይ ሳብነው። ቢላዬን ይዤ አንገቱ ስር ስገባ ዓይኑን ገለጠ። ተንጠልጥሎ ሳለ ነቃ። ተወራጨ፣ ሰንሰለቱ ተበጠሰ፣ ያ ሁሉ ሥጋ እላዬ ላይ ወረደ። ከዚያ ተነሥቶ ጭንቅላቴን ከብረት ምሰሶው ጋር አላተመው፤ ደግሞ መለሰው፤ ደግሞ መለሰው። አጥንቴ ሲሰነጠቅ ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር ያለ ነው። የቄራው ልጆች በሬውን እላዬ ላይ እንዳለ በመጥረቢያ ጨረሱት። ስነቃ ደሙ የማን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም። ፎርማናችን ‹‹ስትታጠብ የማይቆመው ያንተ ነው›› አለኝና ከጎኔ ተቀምጦ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ይጥለኛል። መውደቁ ቀላል ነው። ከባዱ ከወደቅሁ በኋላ ነው። ነፍሴ ሳትመለስ ሰውነቴ ቀድሟት ይነሣል። ዓይኔ ተከፍቷል፣ ውስጡ ግን ሰው የለም። በዚያ ሰዓት የያዘኝ ሁሉ በሬው ይመስለኛል መሰለኝ፣ እንደ አራጅ እታገለዋለሁ። ሐኪሙ፣ ሲጥለው አትያዢው፣ ዕቃውን ብቻ ከአጠገቡ አሽሺ ብሎ መክሯት ነበር። ግን እኔን አዝላ ያሳደገች ሴት ጭንቅላቴ ከወለሉ ጋር ሲጋጭ ቆማ ማየት አይሆንላትም። እላዬ ላይ ትተኛለች። እኔም ከእጇ ለመውጣት እመታታለሁ። ስነቃ አፍንጫዋን እየጠረገች በሩ እንደመታት ትነግረኛለች። እንዲህ ያለ ጠበኛ በር አይቼ አላውቅም። ለኔ ሲሆን እኮ በትሕትና ነው የሚከፈተው።

የአካል ጉዳት አበል ያመለከትኩት ለሆዴ አይደለም። ከጤና ጣቢያው ጀርባ እንደኔ ያሉ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት አለ። ወለሉ በፍራሽ የተሸፈነ ነው፤ አስታማሚዎቹ መቼ እንደሚያዝ፣ መቼ እንደሚለቀቅ የሚያውቁ ጎረምሶች ናቸው። የሚቀበሉት ግን አበል ያለውን ብቻ ነው። እዚያ ከገባሁ እናትሽ ትተርፋለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ታዲያ የሕክምና ቦርዱ ፊት ስቀርብ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ወጣቱ ሐኪም፣ ባለህ ኃይል ጨብጠኝ አለኝ። በኛ ሙያ እጁ ደከመ የተባለ ሰው አንጀት አጣቢ ነው የሚሆነው። ኩራቴ ተነሣ፤ ጨበጥኩት። ልጁ ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ። ሌሎቹ ሲስቁ ጊዜ ደስ አለኝና የበሬ ቀልድ ጨመርኩላቸው። ከዚያ እናትሽን ጠየቋት። እርሷም ቀጥ ብላ ቆማ፣ ወንድሜ በግ ነው፣ ዝንብ አይገድልም ብላ ማለች። አስቢው፣ በሕይወቴ ሙሉ በሬ ስገድል የኖርኩትን ሰው። ‹‹አመልካቹ ሙሉ የእጅ ጉልበት ያለው፣ ተጫዋችና ንቁ ሲሆን አብራው የምትኖረው እህቱም ጤነኛና ገራም መሆኑን ስላረጋገጠች፣ አበል አይገባውም›› ብለው ጻፉ። በጽሑፍ ተመስግኜ አላውቅም ነበር። ያቺ የመጀመሪያዋ ምስጋና ጉድጓዴን ማሰች።

አትፍረጂባት። ልጆች ሳለን ሰፈራችን ውስጥ ይኸው ሕመም የነበረበት ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን ጥሎት ሲነሣ ደንበኛውን በመቀስ ወጋ። ሰፈርተኛው በዱላ ተቀባበለው፤ እጅና እግሩን በሽቦ አስረው ጎተቱት፤ መንገዱ ላይ ጥርሱ ቀረ። እናትሽ በአጥር ቀዳዳ ታይ ነበር። እና አሁን አንድ ሰው ‹‹ወንድምሽ ይማታል ወይ?›› ብሎ ሲጠይቃት የሚታያት አበል አይደለም፤ ሽቦው ነው።

ይግባኝ አልኩ። የጭንቅላት ሐኪሙ ራጁን አንሥቶ፣ ስንጥቁን በቀስት አመልክቶ፣ ጥሩ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ቦርዱ ግን ስንጥቁን አይተናል፣ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ አምጣ አለኝ። ጉዳቱ ያለው እናትሽ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ሄጄ የምትሰፋትን ነርስ ለመንኳት። የእናትሽን ካርድ ገልጣ አየችው። በር። በር። ቁም ሳጥን። በር። ነርሷ ዓይኔን ሳታይ ‹‹አባባ፣ እኔ ዓይን አለኝ። እዚህ የምጽፈው ግን ታካሚዋ ያለችውን ነው›› አለችኝ። ቤት ተመልሼ እናትሽን ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት። እርሷ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ቀጥሎ ያለውን አሳጥሬ ልንገርሽ። ወጥ ቤት ውስጥ ጣለኝ። እንደ ልማዷ እላዬ ላይ ተኛች። ስነቃ ክንዷ የጥጃ መገጣጠሚያ እንደምናላቅቀው ተጠምዞ፣ አጥንቱ ቆዳዋን ቀዶ ወጥቶ ነበር። መስኮቱ ረግፏል፣ ድስቱ ተደፍቷል፣ ግድግዳው እስከ ትከሻዬ ድረስ ቀልቷል። ጉልበቴ ደረቷ ላይ ነው። ግራ እጄ አገጯን ወደ ላይ ገፍቶ ይዞታል። የሙያ ሰው ነኝ፤ ያ አያያዝ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቀኝ እጄ ባዶ ነበር። የሽንኩርቱ ቢላ ከጣቶቼ ትንሽ ራቅ ብሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። ቤት ውስጥ ያለውን ስለት ሁሉ በዚያው ቀን ለጎረቤት ሰጠሁ፤ አሁን ዳቦ የምንበላው በእጃችን ቀድደን ነው።

ይግባኙ ሐሙስ ነበር፤ ለእናትሽ ዓርብ ነው አልኳት። ተንኮሌን ከጡት ጀምሮ የምታውቅ ሴት! ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ቀድማኝ ተቀምጣለች፤ ሻሿን እስከ ዓይኗ አውርዳ፣ ጄሶዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ። እንዳላየ አለፍኳት፤ ‹‹ዓርብ መልካም ቀን ነው›› አለችኝ።

ቦርዱን የምትመራው መነጽር ያደረገች ጠና ያለች ሐኪም ነበረች። ሁሉንም ነገርኳት፤ አንድም ቀልድ አልጨመርኩም። አንገቷን ነቀነቀች፤ የማያስታውሰውን ነገር ሰው ሊመሰክር አይችልም አለች። ከዚያ ወደ እናትሽ ዞራ ክንዷን ማን እንደሰበረው ጠየቀቻት። እናትሽ አየችኝ። እኔም ወንድም እህቱን በማይለምነው አለማመን፣ በዓይኔ ለመንኳት።

‹‹ከደረጃ ወድቄ ነው›› አለች።

ቤታችን ደረጃ የለውም። ይህንን ስናገር ያቺ ሐኪም መነጽሯን አውልቃ ለረጅም ጊዜ ጠረገችው። ሕጉ እጇን እንዳሰራት ገባኝ። በመጨረሻ እስከ ወሩ ማብቂያ ጊዜ ሰጠችኝ። ከእህትህ ሌላ የተጎዳ ሰው ካለ ከሐኪም ወረቀቱ ጋር አምጣ፤ ከሌለ መዝገቡ ይዘጋል አለች። እናትሽ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ በደህናው እጇ ክንዴን ይዛ፣ አይዞህ፣ ማንም አይወስድህም ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሚወስደኝ ሰው እየፈለግሁ ነው።

አሁን ልመናዬ። አምና ልትጠይቂን የመጣሽ ጊዜ፣ እናትሽ ገበያ ወጥታ ሳለ ጥሎኝ ነበር። ስነቃ ፊቴን እያጠብሽ ትስቂብኝ ነበር፤ አንድ እጅሽ ግን ከጎንሽ አልተነሣም። አውቶቡስ ላይ ስትወጪ ሻንጣሽን ሰው አነሣልሽ። በኋላ እናትሽ የጎድን አጥንትሽ ተሰብሮ እዚያ ከተማችሁ ሐኪም ቤት ራጅ መነሣትሽን፣ መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ አዳልጦሽ መውደቅሽን አንቺው እንደነገርሻት ነገረችኝ። እውነት መስሏት ነው የነገረችኝ፤ እርሷ ውሸት የምታውቀው የራሷን ብቻ ነው።

ልጄ፣ አንቺ በነበርሽበት ሳምንት ሰፈራችን ውሃ አልነበረም። ፊቴን ያጠብሽኝ በመጠጥ ውሃ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ወለል እንደ ምጣድ ደርቆ ነበር።

ከዚያ ሐኪም ራጁን ተቀብለሽ፣ እውነቱን አስጽፈሽ ላኪልኝ። እወድሻለሁ፤ ስለምትወጂኝም ነው ይህን የምለምንሽ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ከ‹‹እሺ›› ላይ አንድ ቃል ከጨመረ እንደ በዓል እቆጥረዋለሁ። ሳልሽ ይልቀቅሽ፤ ልጅ ስትወልጂ አንቺን ይምሰል እንጂ እኔን አይምሰል። የያዝሽው ሁሉ ይጽናልሽ፤ መልቀቅ ያለብሽን ለመልቀቅ ደግሞ አምላክ ጉልበት ይስጥሽ።

ጎንሽን የሚያመው አጎትሽ