ስለ ቸርኬህ ቡሎኖች

ሚናስ፣

ወደ ሥራ ወጥቻለሁ። ትናንት የመኪና ምርመራ ላይ ቦሎ የከለከሉህ ጎማውን ከቸርኬው ጋር በቡሎን የሚያስር ቀለበት ለከተማ መንገድ አይፈቀድም ብለው ነው። ዛሬ ጠዋት ቡሎኖቹን በመፍቻ ኪያቤ አንድ በአንድ አየኋቸው። በእያንዳንዱ ጎማ ሠላሳ ሁለት ቡሎን አለ፤ አንዱም የያዘው ነገር የለም። ቀለበቱ ጌጥ ነው።

ተመልሰህ «ጌጥ ነው» በላቸው፤ ያሳልፉሃል።

ፒያሳ ኬክ ቤት ቁጭ ብለህ «በዚህ ጎማ የአፋርን በረሃ አቋርጫለሁ» ያልከውን አላነሳም።

በመሳቄ ይቅርታ።

ለእጮኛህ ለሜላት ምንም አልነገርኳትም። ትናንት መኪናህን ተደግፋ ስትጠብቅህ አንዱን ቡሎን በጣቷ ፈታችው። «ለበረሃ አቋራጩ ስጥልኝ» ብላኛለች።

ቡሎኑን እዚህ ወረቀት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቢያንስ አሁን የሚይዘው ነገር አግኝቷል።

ተስፋሁን