ጫካ ውስጥ «በቃኝ» ያልኩ ዕለት

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እህቴ፣ ለእታበባ፤

እንደምን ከርመሻል? ዓይንሽስ እንዴት ነው? ክር ለማስገባት አሁንም ትንሿን ልጅሽን ነው የምትጠሪው ወይስ መነጽሩን ለመድሽው? የእማዬ ጉልበት ተሻለው? ደረጃውን ትወጣለች ወይስ ዛሬም ከታች ሆና ነው የምትጣራው? ጋሼስ፣ ባለቤትሽ፣ ያ ሳል ለቀቃቸው? የትንሿ የፊት ጥርስ በቀለ? እኔ አካሌ ጤነኛ ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን። የቀረውን እነግርሻለሁ፤ ብቻ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ክፍሉን ዞሬ ነው የተመለስኩት።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ያለፈው ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ መቀመጫዬ እሾህ ሆኖብኛል። ከእሱ በፊት በላክሽው «ዓይኔ ደክሟል፤ መጥተህ አብረን እንስፋ፣ ሁለተኛው የስፌት መኪና ያለ ሰው ቆሟል» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔም «አይ፣ እኔ እዚህ ደህና ነኝ፤ ሌላ ሰው ቅጠሪበት» ብዬ መለስኩ። አንቺ ደግሞ «እሺ፣ እንደ ፈቃድህ ይሁን» አልሽ። በቃ። ደብዳቤው ሌላ ነገር የለውም። ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁት፣ ባዶ ነው።

እዚህ በሰው አገር ሥራ ቦታም አልሆነልኝም። መጋረጃ በምንሰፋበት አዳራሽ ውስጥ ተነስቼ መስኮት እከፍታለሁ፤ ተመልሼ እዘጋለሁ። መርፌ በመርፌ ላይ ሰበርኩ። አንድ ቀን የአንድ ትልቅ ሆቴል መጋረጃ ገበሩን ወደ ውጭ አድርጌ ሰፋሁትና አለቃችን መጣ። «የተጠራቀመ ዕረፍት አለህ አይደል? በል ሂድና ያጣኸውን ነገር ፈልገህ ና» አለኝ።

ክፍሌ ብቀመጥ ደግሞ ግድግዳው ሊውጠኝ ደረሰ። ከመንገዱ ማዶ ካለው የጉዞ ቢሮ መስታወት ላይ፣ መሪ ያለው የጫካ የእግር ጉዞ፣ በቡድን ሆኖ ድንኳን እየተከሉ የሚታደርበት፣ የሚል ማስታወቂያ አየሁ። እግሬ ካልረጋ እስኪ ይሂድለት ብዬ ተመዘገብኩ። እማዬ ብትሰማ «ሰው ከጫካ ይወጣል እንጂ ከፍሎ ጫካ ይገባል?» እንደምትል አውቃለሁ። እንዳትነግሪያት።

መሪያችን ቀጭን፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። የቡድኑን ሰው ሁሉ ባልነግርሽም አንዱን ልንገርሽ፤ ጡረታ የወጣ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ የሚሄድ፣ ሳቂታ ሰው። ድንኳን የደረሰኝ ከእሱ ጋር ነበር። ጫካው ዛፍ በዛፍ ላይ ነው፤ ፀሐይዋ በወንፊት እንደተነፋች ሆና ነው የምትወርደው። የለበስነው አይደርቅም፣ ጭቃው ጫማ ይዞ አይለቅም፣ አልቅቱ ካልሲ ውስጥ ይገባል። በእግሬ ስደክም ሐሳቤም የሚደክም መስሎኝ ነበር። ሐሳብ ግን ስንቅም ጫማም አይፈልግ፣ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። ሳላውቀው መሪዋን አልፌ እሄድና ተጠርቼ እመለሳለሁ። በመጨረሻ «ምን ያስቸኩልሃል? የሚጠብቅህ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጫማውን እንደሚያስር ሰው ጎንበስ አልኩ።

አሁን የሠራሁትን ስሚ፤ መሳቅም ይፈቀድልሻል። የመጀመሪያው ዕለት ማታ መሪያችን ሾርባና ሩዝ ሠርታ ለሁላችን ጥቂት ጥቂት ጨለፈችና፣ ድስቱን ይዛ እየዞረች «ይጨመር?» ትላለች። እኔ ጋ ስትደርስ እጄን ሳህኔ ላይ ከድኜ «አይ፣ በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። እንዴት እንዳደግን ታውቂያለሽ፤ የሰው ቤት ሄደን በመጀመሪያው ግብዣ እጃችንን ብንሰድ የእማዬ ዓይን ይገድለን የለ? እንግዲህ «በሞቴ» እስክትለኝ እጠብቃለሁ። እሷ ግን ራሷን ነቅንቃ ወደ ዳቦ ጋጋሪው አለፈች። ሰውዬው አንዴም «ኧረ ይብቃኝ» ሳይል ድስቱን አራቆተው። ጠዋትም አልተማርኩም፤ ያንኑ ደገምኩ።

ዳገቱ ላይ ስንደርስ ጭቃው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔ ጨለመ። መሪዋ ሮጣ መጥታ ግንባሬን ዳሰሰች፤ እባብ ነድፎኝ እንደሆነ እግሬን አገላብጣ አየች። ከዚያ ቡድኑን ሁሉ ይዛ ልትመለስ ተነሳች። ያን ሁሉ ሰው በእኔ ሰበብ ልትመልስ! አማራጭ ሳጣ «ርቦኝ ነው» አልኩ። እታበባ፣ ይህቺን ቃል በባዕድ ፊት ብያት አላውቅም፤ ከአፌ ስትወጣ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

አልጮኸችብኝም። «ትናንት ጠየቅኩህ፣ ዛሬም ጠየቅኩህ፤ ጠግቤያለሁ አልከኝ። እኔ ሰው ሆድ ውስጥ ገብቼ አላይም። ደህና ነኝ ያለኝን ሰው አምኜው ነው የምሄደው» አለችና ዳቦና ለውዝ አውጥታ ሰጠችኝ። የአገራችንን ወግ ላስረዳ ሞከርኩ። ዳቦ ጋጋሪው «ታዲያ እናንተ ስንት ጊዜ ስትለመኑ ነው የምትበሉት?» አለኝ። ጋባዡ በሞቱ እስኪምል ድረስ ነው ስለው፣ «ለአንድ ጭልፋ ሾርባ?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ምግብ በቀረበ ቁጥር ደረቱን ጨብጦ «ልሞት ነውና ብላ!» እያለ መሳቂያ አደረገኝ። እኔም በላሁ።

ሳቁ አለቀ፤ የሴትዮዋ ንግግር ግን አልለቅ አለኝ። ዳገቱን ወጥተን ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ወንዙን በገመድ ስንሻገር፣ የማስበው አንቺን ብቻ ነበር። «ሌላ ሰው ቅጠሪ» ያልኩሽ እንድትለምኚኝ ነበር። «ያለ አንተማ አይሆንም» እስክትዪኝ ነበር የምጠብቀው። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ እህቱ ጉያ ተመልሶ ገባ እንዳይሉኝ፣ ተለምኖ መጣ እንዲሉልኝ ነበር። ፊት ለፊት ብንሆን ዓይኔን አይተሽ ታውቂብኝ ነበር፤ ወረቀት ምን ዓይን አለው? ደግሞም አንቺ ያው የዚያ ቤት ልጅ ነሽ፤ ሁለተኛ ለመጠየቅ ይሉኝታ ይዞሽ ይሆናል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?

ስለዚህ ተናገርኩ፤ መምጣት እፈልጋለሁ። ማንም ሳይለምነኝ እፈልጋለሁ። የማላውቀው ሰው መስኮት ላይ የሚሰቀል መጋረጃ መስፋት ሰልችቶኛል፤ ሱሪው የጠበበውን ጎረቤት በስሙ እየጠራሁ፣ እየተሟገትኩት ልሰፋለት እፈልጋለሁ። አንቺንም ዓይንሽን አሳርፌሽ ክሩን እኔ ላስገባልሽ እፈልጋለሁ። ፈርቻለሁ ደግሞ። ይህ ወረቀት እስኪደርስሽ ስንት ቀን ይፈጃል? ቃሌን አምነሽ ሰው ቀጥረሽ ቢሆንስ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና በአንቺ አልፈርድም። የቀጠርሻትን ልጅ ግን በእኔ ምክንያት እንጀራዋን እንዳትነፍጊያት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ጋሼን ማታ ማታ አንገታቸውን እንዲሸፍኑ ንገሪያቸው፤ አይሰሙሽም፣ ቢሆንም ንገሪያቸው። ትንሿን ጉንጯን ነክሰሽ ሳሚልኝ። የታችኛዋን ጎረቤታችንን ደህና ነሽ ወይ በይልኝ። በሁለተኛው መኪና የተቀመጠች ልጅ ካለችም፣ ስሟን ባላውቀውም፣ ሰላምታዬን አቅርቢላት፤ ወንበሩ ላይ ትንሽ ጠጋ ትበልልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ከጫካው በተመለስኩ ማግስት
ሰኞ፣ የካቲት ፲፬ ቀን