አንድ ሚሊዮን አንድ

ወንድም ዓለሜ፣

ለሟች ባለቤቴ እንኳ ያልተነፈስኩትን ነገር ዛሬ ልጽፍልህ ነው። ግን አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ዓይንህ ብርሃን ያዘልህ ወይስ ገና ነው? ባለቤትህስ፣ ያ ሳሏ ተዋት? እኔ ከብቸኝነቱ በቀር ደህና ነኝ። የአባባን የእንጨት ሥራ ቤት ጣሪያ አስጠግኜ መስኮቱ ሥር እያነበብኩ እውላለሁ።

ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሒሳብ ላጥና ብትልህ፣ «ቁጥር ሰው ያዋርዳል፤ ሌላ ፈልጊ» እንዳልካት ጻፈችልኝ። ይህ ቃል ከየት እንደመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንድ ሚሊዮን አንድን የመረጥክበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? ከግራም ከቀኝም ቢያነቡት ያው ነው፣ ከራሱና ከአንድ በቀርም የሚያካፍለው የለም አልክ። በአባባ እርሳስ ሳንቃ ላይ ከሁለት ጀምረህ እያካፈልክ መቶ ደረስክ። ሁሉም ቀሪ ነበረው። «እትዬ፣ መቶ ያቃተውን ማን ይችለዋል?» ብለህ እርሳሱን ጆሮህ ላይ ሰክተህ ልትጫወት ወጣህ።

እኔ ፍቅፋቂውን ስጠርግ ቆይቼ አንድ ጨመርኩበት። በመቶ አንድ አካፈልኩት። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ደረሰው፣ ምንም ሳይተርፍ። ልጠራህ ነበር። ግን ከትምህርት ቤት የቀረሁት እኔ፣ ደብተር የሚገዛልህ አንተ፤ ቅናት አፌን ያዘው። ስሌቴን በመላጊያ ልጌ ፍቅፋቂውን እሳት ውስጥ ጨመርኩት።

በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆመህ «አይከፈልም» ብለህ ተወራረድክ። መምህሩ በመቶ አንድ ሲያካፍሉት ልጆቹ «ሚሊየነሩ ከሰረ!» ብለው ሳቁብህ፤ ስሙም ተጣብቆብህ ቀረ። ያን እርሳስ ዳግም አላነሳኸውም። እኔ ሳውቅ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ።

አሁን ደግሞ ከመጽሐፍ ለቃቅሜ የደረስኩበትን ስማኝ። ሚሊዮን አንድን ለመፈተን እስከ ሺህ መሄድ ነበረብህ፤ ሺህ ጊዜ ሺህ ሚሊዮን ነውና። ለዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ግን መቶ ይበቃዋል፤ መቶ ጊዜ መቶ አሥር ሺህ ስለሆነ ያልፈዋል። ትልቁ የትንሹ መቶ አንድ እጥፍ ስለሆነ፣ ትንሹን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ሁሉ ትልቁንም ያካፍላል። አንተ ከሁለት እስከ መቶ አንዱም ትልቁን እንደማያካፍል በገዛ እጅህ አይተሃል። እንግዲያው ትንሹንም አያካፍሉትም። የማይከፈል ቁጥር አግኝተህ ነበር ወንድሜ፣ አንተም መምህሩም ሳታውቁት። ያ ሁሉ ሳንቃ በከንቱ አልተሞላም።

ልጅቷን አትከልክላት። ለቁጥር የተቀየምከው በእኔ ጥፋት ነው፤ ቂሙን ወደ እኔ አዙረውና እሷ ትሂድ።

ባለቤትህን አቅፈህ ሳምልኝ። ትንሹን ልጅህን ጉንጩን ሳምልኝ፣ ጥርሱ በቀለ ወይ? አማትህን እጅ ንሳልኝ።

እትዬ እያልክ የምትጠራት እህትህ
ከአባባ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ጥቅምት 9 ቀን

ዓይንህ እስኪጠራ ደብዳቤ የምታነብልህ ልጅህ ስለሆነች፣ ፖስታው ላይ የጻፍኩት የእሷን ስም ነው።