የሙሽራዋ መኪና ለምን ቆመ

ውድ እናቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የዳላት ብርድ ሲገባ የሚጠዘጥዝሽ ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ቤቱ አንድ ሰው ሲጎድለው ጭር አላለብሽም? ወንድሜ ካይ የአበባውን ቤት ላስቲክ ጠገነው ወይስ አሁንም ዛሬ ነገ ይላል? እኛ ደህና ነን። ሙሽራችን ክዌንም ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትስቃለች። በስልክ «ደርሰናል» ብዬ ቶሎ የዘጋሁብሽ የባሏ ዘመዶች ከበውኝ ስለነበር ነው።

አጎቴ ቱዋን ተመልሶ «ትልቋ ልጅሽ የሙሽራ መኪና መንገድ ላይ ገትራ አዋረደችን» እንዳለሽ ሰምቻለሁ። እናት ልጇን አጅባ አትሄድምና አንቺ አላየሽም። እሱም ከኋላ ሚኒባስ ውስጥ ሲያንኮራፋ ነው የመጣው። ስለዚህ ከእኔ ስሚው።

አክስት ናም፣ የሙሽራው አባት ታላቅ እህት፣ ስነዳ አጠገቤ ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች። ክዌን ከአምስት ሰዓት በፊት የባሏን ደጃፍ ካልረገጠች መልካሙ ሰዓት ያልፋል። ከኋላዬ ክዌንና ሙሽራው ሎክ ናቸው። የዶን ዱኦንግን ከተማ አልፈን ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል መሪው ፊት ያ የፈረስ ኮቴ የሚመስለው ቢጫ መብራት በራ። አንዱ ጎማ ነፋስ ጎድሎታል ማለት ነው።

አክስት ናም አየችው። «የሙሽራ መኪና መንገድ ላይ ቆሞ አያውቅም፤ ክፉ ምልክት ነው» አለችኝ። «ብርዱ ነው ያበራው፤ ሲሞቀው ይጠፋል። ንጂው ልጄ።»

ያለችው ሐሰት አይደለም። ብርድ ነፋሱን ስለሚያሳንሰው መብራቱ ጠዋት በርቶ ጥቂት ሲነዱ ሊጠፋ ይችላል። ያኔም ቢሆን መለካት ነው እንጂ ተመስገን ብሎ መርሳት የለም። የእኛ ግን ጎማው ከሞቀ በኋላ ነው የበራው፤ ነፋስ እየወጣ ነው ማለት ነው። ካይም ይህን ይስማ። ጎማ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ልኩ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተጽፏል፤ በጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ አትለፍ የሚል ነው። አበባ ሲጭን እዚያው በሩ ላይ ለጭነት የተጻፈውን ይከተል። መኪናው ሲነሳ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ የታመመው መቆጣጠሪያው ነውና መካኒክ ይየው።

እናቴ፣ እኔ ያሳሰበችኝ ክዌን ነበረች። ወጡ ጨው ቢያጣ ዝም ብላ የምትበላ ልጅ መሆኗን ታውቂያለሽ። ጠዋት ፀጉሯን ስታበጥሪላት «እዚያ ቤት አፏን ካልከፈተች ይረግጧታል» ብለሽ ወደ ጓዳ ገባሽ። እኔ ከአክስትየዋ ብጣላ ዳፋው ለእሷ ነው። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ከኋላዬ ድምጿን ሰማሁ።

«እህቴ፣ እኔ ሙሽራ ባልሆን ምን ታደርጊ ነበር?»

«አቆም ነበር።»

«እንግዲያው አቁሚ።»

አቆምኩ። የኋላው ግራ ጎማ ብሎን ወግቶታል። ሎክ ኮቱን አውልቆ ክሪኩን አስገባ፤ ክዌን በቀይ የሙሽራ ቀሚሷ የፈታናቸውን የጎማ ብሎኖች ያዘችልን። ሰው ሁሉ የሚረሳትን ትርፍ ጎማ በዚያው ሳምንት ነፋስ ሞልቻት ነበርና እሷ አወጣችን። አክስት ናም ፊቷን አዙራ ከመኪናው አልወረደችም።

የደረስነው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። አስገቡን፣ ዕጣኑም ተለኮሰ። ክዌን ግን ሻይ በሁለት እጇ ስታቀርብ ቀና ብሎ ያያት የለም። «ገና ሳትገባ ማዘዝ ጀመረች» ትላለች አክስትየዋ በየወንበሩ።

ከሰዓት በኋላ ሎክ ጎማውን ወደ ጎሚስታ ሲወስድ አክስት ናም ዓሣ ልትገዛ አብራው ሄደች። ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ፈልቅቆ አሳያቸው። በጎደለ ነፋስ በመሄዱ የውስጡ ግድግዳ ተበልቶ ክሩ ወጥቷል። «ቁልቁለቱን በዚህ ጀምራችሁት ቢሆን ዛሬ የምታገቡ ሳይሆን የምትቀብሩ ነበራችሁ» አላቸው። ዓሣውን ሳትገዛ ተመለሰች።

ትናንት ጠዋት አክስት ናም ወደ ቤቷ ልትሄድ ልጇ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃታል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ደጅ ወጥቷል። እሷ ግን ቦርሳዋን ይዛ ቆመች። ልጇ ግቢ ቢላት «ጎማውን ክዌን ሳታየው አልገባም» አለች። ክዌን የነፋስ መለኪያዬን ከእጄ ወስዳ በነጠላ ጫማዋ መኪናውን ዞረች። አራተኛው ጎማ ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

«ይሄን ሳትሞሉ አትሄዱም» አለች።

ልጁ ሞተሩን አጠፋ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ካይን፣ ያቺን ተንኮለኛ ሚስቱንና ሕፃኑን በያሉበት ሰላም በይልኝ። አጎቴ ቱዋንንም ሰላም በይልኝ፤ አልተቀየምኩትም።

የምትወድሽ ልጅሽ ትዋ
ፋን ራንግ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን